የኋላው ፍሬን ሸራ አልገባ አለኝ

ወገን፣ ጅማ ነኝ፤ ግራ ገብቶኛል። መኪናዬ የፈረንጅ 2002 ቮልስዋገን ጎልፍ ናት፤ አሮጌ ብትሆንም እወዳታለሁ። ከጅረን ቁልቁል ስወርድ የኋላው ፍሬን ይፋጭ ነበር። ጎማውን ፈትቼ ሳየው የውስጠኛው ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን ፍቆታል። አዲስ ገዛሁ። የፊቱን ራሴ ቀይሬ ስለማውቅ ተዝናንቼ ነበር። አሁን ግን የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ፒስተን፣ ማለትም ሸራውን የሚገፋው ክብ ብረት፣ ወደ ውስጥ አልመለስ አለ። በሞርሳ ብጨምቀው ንቅንቅ የለም! የፒስተኑ ፊት ላይ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ የእጅ ፍሬኑ ሽቦም የታሰረው እዚያው ካሊፐር ላይ ነው። ጎረቤቴ «እየተጫንክ ወደ ቀኝ አዙረው እንጂ በግፊት ብቻ አይገባም» ይለኛል። እውነት ነው? ማዞሪያው የለኝም፤ በምን ላዙረው? የእጅ ፍሬኑን ለቅቄያለሁ፣ የፍሬን ዘይቱንም ክዳን ከፍቻለሁ። መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት፣ ዝናቡ ደግሞ መጣ። የሠራችሁት ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ።