የጌም ኮድ ከሻጭ ላይ ስለመግዛት ምክር እጠይቃለሁ
ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው፤ ለታናሽ ወንድሜ ስቲም ከሚባለው የኮምፒውተር ጌሞች የኢንተርኔት መደብር ላይ አንድ ጌም ልገዛለት ፈልጌ ክፍያው ላይ ተቸግሬአለሁ። የባንክ ካርዴ ለውጭ ክፍያ ስለማያገለግል፣ በቴሌግራም የሚሠራ አንድ ሻጭ ብሩን በቴሌብር ከላክሁለት የጌሙን ኮድ (ስቲም ላይ ሲያስገቡት ጌሙን የሚከፍተውን ቁልፍ) እንደሚሰጠኝ፣ ካሻኝም ጌሙ ያለበትን አካውንት ከነይለፍ ቃሉ እንደሚያስረክበኝ ነግሮኛል። አካውንቱን ትቼዋለሁ፤ ስቲም የአካውንት ሽያጭን ይከለክላል፣ የቀድሞው ባለቤትም መልሶ ሊወስደው ይችላል። ያስጨነቀኝ ኮዱ ነው፤ ምክንያቱም ከስቲም በቀጥታ የተገዛ ጌም ከተገዛ በ14 ቀናት ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱበት ገንዘቡ የሚመለስ ሲሆን፣ ከሌላ ሻጭ የመጣ ኮድ ግን ይህ ዋስትና የለውም፤ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ሆኖ ከተገኘም በኋላ ሊሰረዝ ይችላል። ከመክፈሌ በፊት የኮዱን ምንጭ የማረጋግጥበት መንገድ ይኖር ይሆን? ወይስ የስቲም ስጦታ ካርድ መግዛቱ ይሻለኛል?