ቦሎ አላት ማለት ጤነኛ ናት ማለት አይደለም

ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነሽ ለገጣፎ ላሉት እናትሽ መኪና የምታፈላልጊው እህቴ፣ እንኳን ብሩን ሳትልኪ ጠየቅሽ። የላክሻቸውን ፎቶዎች አየኋቸው። ቶዮታ ያሪሷ ታምራለች፤ ግን ቴሌግራም ላይ የማታምር መኪና የለችም። ደላላው «ቦሎዋ ገና አሁን ነው የታደሰው፣ ምንም እንዳትጠራጠሪ» ካለሽ ነገር እንነሳ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቦሎ ማለት መኪናዋ የዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ አልፋለች ማለት ነው፣ አለቀ። ተገልብጣ ትጠገን፣ ኪሎሜትሯ ይቀነስ፣ ዘይት ትብላ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት አትነግርሽም። እናንተ ጋ ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ስም ለማዞር ኢንስፔክሽን ትጠይቃለች፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ ታስመረምራለች። ለንደን ያሉት ከሁሉም ይሻላሉ፤ ታርጋውን ብቻ ጽፈው የኤም ኦ ቲ (የእነሱ የዓመት ምርመራ) ታሪኩን በነጻ ያያሉ፣ በየዓመቱ የተመዘገበው ማይል፣ የወደቀበት ምክንያት፣ «ይህን ተከታተሉ» የተባለው ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይወጣል። እዚህ ታሪኩ ተበትኖ ነው ያለው። ግማሹ ሊብሬውና (የባለቤትነት ደብተሩና) ፋይሉ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ብረቱ ላይ።

አንድ ነገር ግን እዛው ሆነሽ ማድረግ ትችያለሽ። የሻንሲ ቁጥሩን በፎቶ አስልኪ፤ በጽሑፍ ሳይሆን በፎቶ፣ ከራሷ ከመኪናዋ ላይ የተነሳ። አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። መኪናዋ አሜሪካ ተሽጣ ተነድታ የመጣች ከሆነች የመኪና ታሪክ የሚያወጣው ካርፋክስ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው፤ ከፍለሽም ቢሆን ያዋጣሻል። «ሳልቬጅ» የሚል ከወጣ ኢንሹራንስ አይረባም ብሎ የጣላት ናት ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቷ እዚያ በርካሽ ተገዝታ፣ መንገድ ላይ ተጠጋግና፣ እዚህ «ከአሜሪካ የመጣች ንጹህ» ተብላ ትሸጣለች። ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር ከመጣች ይሄ ብዙም አይጠቅምሽም፣ ወደ ብረቱ ሂጂ።

ወረቀቱን ግን አትዝለይው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ ቁጥሩ አካባቢ የተፋቀ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ነገር ካለ ዝም ብለሽ ተመለሺ። ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ባንክ በብድር ይዟት እንደሆነ፣ እግድ እንዳለባት፣ ይሄ ሁሉ መኪናዋ በተመዘገበችበት ቢሮ ካለው ፋይል ነው የሚጣራው። ታርጋዋ ኦሮ ከሆነች ፋይሏ አዲስ አበባ አይደለም ያለው፣ ያንን አስቀድመሽ እወቂ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልጋል። በውክልና ከሸጠ ደግሞ ውክልናው ላይ «ለመሸጥ» የሚል በግልጽ መኖሩን አንብቢ፤ «ለማስተዳደር» የሚል ውክልና ይዞ መኪና የሚሸጥ አይጠፋም።

አሁን ብረቱ። የአክስትሽ ልጅ አይቷት «አሪፍ ናት» ብሏል አልሽ። የአክስትሽ ልጅ ሹፌር ነው፣ መካኒክ አይደለም። የራስሽን መካኒክ ይዞ ይሂድ፤ ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ነው። እኔ የማውቀው ልጅ እዚሁ ጣፎ መንገድ ላይ ጋራዥ አለው፣ ሲሠራ ቆሜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ኮፈኑን በመዳፉ ይነካል። ሞቃት ከሆነ «ቀድማችሁ አስነስታችኋታል፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ይልና ይሄዳል። እውነቱን ነው። የደከመ ሞተር ችግሩ የሚታየው ሌሊቱን አድራ ጠዋት ስትነሳ ነው፤ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ትበላለች፣ ነጭ ጭስ ወጥቶ አልጠፋም ካለ የቴስታታ ጋርኒሲዮኑን (የሞተሩን ራስ የሚያሽገውን) ጠርጥሪ። የዘይት መክደኛውን ሲከፍተው ውስጡ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል፣ መካኒኩ በደንብ ሳያጣራ አትለፉት።

ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ በጨርቅ ይጠቀልልና በሮቹንና ፓራፋንጎዎቹን (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) ይዳስሳል። ላሜራ ላይ ማግኔቱ ይይዛል፤ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) የተሞላበት ቦታ ላይ ይንሸራተታል። ፓራውርቱ (የፊትና የኋላ መከላከያው) ፕላስቲክ ስለሆነ እሱ ላይ ምንም አይነግርሽም። የበሩን ጎማ ሳብ አድርጎ ሥሩን ያያል፤ የፋብሪካ ብየዳ እኩል እኩል የተቀመጡ ክብ ነጥቦች ናቸው፣ የጋራዥ ብየዳ ግን ተለጥፎ ነው የሚታየው። የኮፈኑ ቡሎኖች ቀለማቸው ከተፋቀ ኮፈኑ ወልቆ ያውቃል። መስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለውን ማህተም ደግሞ አነጻጽሩት፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ብቻ የተለየ ከሆነ የዚያ በር መስታወት ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ።

ኪሎሜትሩን አትመኑት። ኪሎ ማውረድ እዚህ ተራ ሥራ ነው። ዳሽቦርዱ 70 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ከተላጠ፣ መሪው አልቆ ከለሰለሰ፣ የሹፌሩ ወንበር ጎኑ ከተበላ፣ ፔዳሉን እመኑት። ራይድ ስትሠራ የኖረች መኪና ገና በወንበሯ ትታወቃለች። ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ያወጣው ሰው ሊኖር ይችላል። የጎማው ጎን ላይ ያለችው ባለ አራት አኃዝ ቁጥርም ትነበብ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

መንዳቱ ላይ ለገጣፎ ለእኛ ጥሩ ነው፣ ኮብልስቶን በሽ ነው። መስታወት ዘግቶ፣ ሬዲዮ አጥፍቶ፣ በቀስታ መንዳት፤ የላላ ነገር ሁሉ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ዳገት፣ ለምሳሌ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው። እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር ያደናግረዋል፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትለግም «ሞተሩ አልቋል» ይላል። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ገደማ ጉልበቱን እዚያው ያጣል። ስለዚህ ቀስ ማለቷ አያስደንግጥሽ። የሚያስደነግጠው የሙቀት መለኪያው መውጣቱ ነው።

ዋጋው ለምን ሰማይ ነካ ላልሽው፤ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፣ በ2016 ጥር ላይ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉ ተነገረ። አዲስ የነዳጅ መኪና ስለማይገባ ያለው አሮጌ ሁሉ ቀለም እየተቀባ ይዞራል። ኤሌክትሪክ ይሻላል ወይ ላለው ወንድም፣ ያ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ለአሁኑ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ ሳታስለካ ያገለገለ አትግዛ።

ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብድ ላኪ» እያለ ያጣድፍሻል። አትላኪ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ምርመራው ሳያልቅ ከሰጠሽ ስቱኮውን ያገኘሽው በኋላ ከሆነ የምታጪው አንቺ ነሽ። የግድ ከሆነ «መካኒክ አይቶ ካልተስማማ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል በጽሑፍ ይግባ፣ ሻጩም ይፈርም። ቀሪው ብር ውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም እንጂ ከዚያ በፊት አይከፈል።

የአክስትሽን ልጅ ከዚያ መካኒክ ጋር አገናኘዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ሻጩን ግን መኪናዋን እንዳያስነሳት ዓርብ ማታ ደውሎ ይንገረው።