የስኳር ማሽኑ ቁጥር አላወጣም አለኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ድረሱልኝ

የኮንዶው ልጅ፦ ጎረቤቶች፣ አስቸኳይ ነው። የእናቴ የስኳር መለኪያ ተበላሸ። ቅድም ራሷን ስትለካ 148 አላት። አሁን ወንድሜን ስለካው ግን ቁጥር የለም፣ «ሃይ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ያወጣል። ስትሪፑም ሊያልቅ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። የተከፈተ ፋርማሲ ወይ ማሽን የሚያውሰኝ አለ?

ባጃጅ 07፦ ሃይ ካለህ አንተም ሃይ በለው እንጂ፣ ሰላምታ እኮ ይመለሳል ካካካ

ኤሌክትሮ፦ ባትሪውን አውጥተህ መልሰህ ክተተው።

ሲስተር ከቂሊንጦ፦ ቀልዱን ተዉት። ወንድሜ፣ ማሽኑ ደህና ነው። «ከፍተኛ» እያለህ ነው። ስኳሩ ማሽኑ ሊቆጥር ከሚችለው በላይ ሆኗል፣ በብዙዎቹ ማሽኖች ከ600 በላይ ማለት ነው። ልጁ ዕድሜው ስንት ነው? ያስመልሰዋል? እጁን በሳሙና አስታጥበህ ድገመው፣ ማንጎ የነካ ጣት ያሳስታል።

የኮንዶው ልጅ፦ 14 ዓመቱ ነው። ታጥቦም ያው ነው። ከሰዓት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ሆዴን ይላል። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶታል። ሰሞኑን ከስቶ ሱሪው ያለ ቀበቶ አይቆምም። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው፣ እሱ ግን ባለ 2 ሊትሩን ሃይላንድ ሌሊት ብቻውን ይጨርሳል፣ እናቴ ትቆጣዋለች። በዚህ ዕድሜው አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል። የእናቴን የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ግማሽ ልስጠው?

አብሽ ለሁሉ፦ አብሽ ዘፍዝፋችሁ ጠዋት በባዶ ሆዱ ስጡት። ፍቱን ነው።

ጋሼ፦ ከሲታ ልጅ ስኳር አይዘውም። ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው። የጀመረውን የታይፎይድ መድኃኒት ይጨርስ።

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ትክክል አይደለም። ዓይነት 1 የሚባለው የሰውነት መከላከያ ራሱ ቆሽት ላይ ዘምቶ ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ የሚያመርቱትን ሴሎች ሲያጠፋ ነው። ብዙ ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ይይዛል፣ ትልቅ ሰውም አይምርም። በሳምንታት ውስጥ ያከሳል፣ ውሃ ያስጠማል፣ ያሸናል። ዓይነት 2 ግን ለዓመታት አድፍጦ ይቆያል። ቁስል አልድን ይላል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይደነዝዛል። አንዳንዱ ሰው አንገቱ ኋላ ቆዳው ጠቁሮ ይወፍራል፣ ቢፈገፍግም አይለቅም። በምግብ እጥረት የሚመጣም አለ፣ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ዓይነት 5 ብሎታል። ታዲያ የቱ ላይ ነው የሀብታም በሽታ የሚሆነው? ኢንሱሊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ሲገኝ...

ባጃጅ 07፦ መምህር፣ ክላሱን ነገ እንቀጥል።

ሲስተር ከቂሊንጦ፦ የኮንዶው ልጅ፣ አሁን የምልህን ስማ። ሜትፎርሚን እንዳትሰጠው። አብሽም፣ ለስላሳም፣ ጁስም ይቅር። ካላስመለሰው ውሃ ፉት እያለ ይሂድ። ጠዋትን አትጠብቅ። ለእናንተ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግባ። መኪና ካጣህ 907 ደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። በር ላይ «ስኳሩ ማሽን አልፏል፣ ያስመልሰዋል» በል። ሽንቱ ላይ ኪቶን ይዩለት፣ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስብ አቃጥሎ የሚያወጣው አሲድ ነው። አስመለሰው ብለው ጉሉኮስ ከመሰካታቸው በፊት ስኳሩን ይለኩ። ትንፋሹ ረጅምና ፈጣን ነው? አፉስ ምን ይሸታል?

ኤሌክትሮ፦ ባትሪውን ሞከርከው? ሲአር 2032 ነው፣ ሱቅ አይጠፋም።

የኮንዶው ልጅ፦ ሲስተርዬ፣ አፉ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል! ሮጦ እንደመጣ ሰው ነው የሚተነፍሰው። ራይድ እየሰረዙብኝ ነው።

ባጃጅ 07፦ ብሎክ ስንት ናችሁ? በር ላይ ነኝ፣ ውረዱ። እስከ ትልቁ መንገድ ላድርሳችሁ፣ ከዚያ ኮንትራት ትይዛላችሁ።

የሰባተኛው ፎቅ፦ ጋሼ፣ የኔ አባት ወፍራምም ሀብታምም አልነበረም። ሚስማር ጫማውን በስቶ እግሩ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲሄድበት ዋለ። ማታ ካልሲው በደም ርሶ ነው ያወቅነው። ሲለካ 340።

ጋሼ፦ እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። ሰሞኑን የኔም ጣቶች ድንዝዝ ይላሉ፣ እሱ ግን የብርዱ ነው።

ሲስተር ከቂሊንጦ፦ ጋሼ፣ ብርድ ነው ብለው አይተዉት። ነገ ቁርስ ሳይበሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በባዶ ሆድ 126ና ከዚያ በላይ ካለ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ጫማዎን ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ።

የሰባተኛው ፎቅ፦ የልጁ ነገር ምን ደረሰ? ባጃጅ?

ባጃጅ 07፦ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬያቸዋለሁ። ልጁ እያንቀላፋ ነበር። ስልኩ አሁን ዝግ ነው።

እማዬ ልሆን፦ በዚሁ ልጠይቅ፣ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ምንም ምልክት የለኝም፣ ልመርመር?

ሲስተር ከቂሊንጦ፦ አዎ የኔ እህት። የእርግዝና ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ስኳር አጠጥተው ይለኩሻል። እናትሽ ወይ አባትሽ ስኳር ካለባቸው ግን ሳምንቱን አትጠብቂ፣ በሚቀጥለው ክትትልሽ ንገሪያቸው።