ከማቅለጫው የተነሳ ሠራተኛ፣ የደሙ እርሳስ ግን የማይወርድ

አዳማ ያለ የመኪና ባትሪ ማደሻ ነው። አሮጌው የእርሳስ ሳህን ይቀለጣል፣ ፖሉም (ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ) እዚያው ይቀረፃል። ማቅለጫው ላይ ለ9 ዓመት የሠራው ሠራተኛ ሆዱን ይቆርጠውና ይደክመው ስለነበር ደሙ ተመረመረ፤ እርሳሱ (መርዛማው ብረት፣ ሊድ) በዴሲ ሊትር 52 ማይክሮ ግራም፣ ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ የሚታይበት ልኬት) ዝቅ ብሎ በዴሲ ሊትር 11 ግራም ሆነ። ወደ ሽያጭ ባንኮ ተዛወረ። ከ3 ወር በኋላ እርሳሱ 46።

ለአጭር ጊዜ ብቻ በተጋለጠ ሰው፣ ተጋላጭነት ሲቆም ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በመጀመሪያው ወር ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እንደ እሱ ለዓመታት በሠራ ሰው ግን አጥንት ያጠራቀመው ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚመለስ አወራረዱን ያዘገየዋል። ሌላው ጥርጣሬዬ ባንኮው ነው፤ ከማቅለጫው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው፣ ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ይጠረጋል፣ ቱታውም ቤት ሄዶ ከልጆች ልብስ ጋር ይታጠባል። የሐኪም ቤቱ ስስ ማስክ የእርሳስ ጭስ አያስቀርም። በየቀኑ የሚጠጣው ወተትም ምግብ እንጂ ማርከሻ አይደለም። እርሳስ የሚያስወጣውን መድኃኒት ምንጩ ሳይዘጋ መጀመር አልፈለግንም።

ዚንክ ፕሮቶፖርፊሪን (እርሳስ ደም ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) ማስለካት ታስቦ ነበር፤ የብረት እጥረት ብቻውንም ስለሚያንረው፣ በዚህ ሄሞግሎቢን ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

አሁን ባንኮው ወደ ሌላ ሕንፃ ሊዛወር ነው፤ ቱታው እዚያው ይታጠባል፣ ወለሉም በእርጥብ ይወለወላል። ከዚህ በኋላ ደሙ በስንተኛው ሳምንት ቢለካ ነው የአጥንቱን ክምችት ከአዲስ ተጋላጭነት መለየት የሚቻለው?