ላስት ኔማችን የማን ስም ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ባለፈው ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ይዞ መጣ። የቤተሰብህ ስም ከየት መጣ፣ በዓለም ላይስ የት የት ይገኛል የሚል ነው። የእኛ ላስት ኔም ተስፋዬ ነው። አብረን ቁጭ ብለን ኢንተርኔት ላይ ስንፈልገው በካርታ ተነጥቦ መጣልን። ኢትዮጵያ ላይ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ከዚያ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሲያትል፣ ዳላስ፣ ቶሮንቶ፣ ለንደን እያለ ይንጠባጠባል። ልጁ ዓይኑ በርቶ "እነዚህ ሁሉ ዘመዶቻችን ናቸው?" አለኝ። ክፍላቸው ውስጥም ተስፋዬ የምትባል ልጅ አለች፤ ለካ እስከዛሬ የአክስቱ ልጅ ትመስለው ነበር።

ምን ልበለው? ተስፋዬ ማለት አባቴ ነው። ደሴ የሚኖር፣ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የሚመለስ አንድ ሰው። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ሁለት ልጅ ቀብራ እሱን ስታገኝ "ይኼስ ተስፋዬ ነው" ብላ። እኔ በዲቪ ስመጣ ላስት ኔም የሚለው ሣጥን ውስጥ የገባው የአባቴ ስም ነው። ታናሽ ወንድሜ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ስዊድን ሲደርስ ግን ቃለ መጠይቅ ያደረገችለት ሴትዮ ሦስቱንም ስም ጻፈችና የመጨረሻውን፣ የአያታችንን፣ የቤተሰብ ስም አደረገችው። አሁን እኔ እዚህ ተስፋዬ ነኝ፤ እሱ ጎተንበርግ በአያታችን ስም ይጠራል፤ ልጆቻችን ወረቀት ላይ ባዳ ናቸው። አምና ሊጠይቀኝ ሲመጣ "ወንድምህ ከሆነ ስማችሁ ለምን ተለያየ?" ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ኤርፖርት ቆሟል። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል አዝኜ አላውቅም።

ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ሆስፒታሉ ቅጹን ከወዲሁ ልኮልናል። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ምከሩኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ማርያም በሽልም ታውጣት።

እኔ ከካርቱም እዚህ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ከዚያ ወዲህ ለአዲስ መጪዎች ሳስተረጉምና ቅጽ ስሞላ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ይቺ ሣጥን ያመጣችውን ጣጣ በደንብ አውቃታለሁ።

ለልጅህ እንዲህ በለው፤ ዘመዶች አይደሉም። ካርታው ላይ ያየው ነጥብ ሁሉ የተለያየ ተስፋዬ ነው፤ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ናዝሬት፣ አንዱ ሐረር የተወለደ፣ እያንዳንዱ በገዛ እናቱ ወይም በገዛ አባቱ ምክንያት ተስፋዬ የተባለ። አገራችን ውስጥ ስም ከአንድ ትውልድ አልፎ አይወረስም። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን እንቆጥራለን፤ አንዱ ሲወለድ አንዱ ከኋላ ይወድቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ብሎ ደንግጎ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ በአገራቸው ያለው ልማድ ነው። ሕዝቡ ግን አልተከተለውም። አንቀጽ 40 ላይ ያገባች ሴት የራሷን ስም እንደያዘች ትኖራለች ያሉት ግን ከእኛ ልማድ ጋር ገጠመ፤ እሱ እስከዛሬ አለ።

ታዲያ ስሙ መወረስ የጀመረው ከአገር ሲወጣ ነው። የውጭ ኬላ ላይ ሲደርስ የአንድ ሰው አባት ስም ረግቶ ቀረ። ስለዚህ ልጅህ ያየው ካርታ የዘር ካርታ ሳይሆን የኬላ ካርታ ነው፤ ማን መቼ በየት በኩል ገብቶ የት እንዳረፈ ያሳያል። ዋሽንግተን ዙሪያ የበዛነው እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ አብዮት በፊት ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ተማሪዎችና የኤምባሲ ሰዎች ስለነበሩ ነው፤ እነሱ መመለስ አቃታቸውና ቀሩ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ ሲወጣ እኛ ከሱዳን መጣን፤ ፓርኪንግና ታክሲ ሥራ ያስገቡን እነሱ ናቸው። ከዚያ በ1990ው ሕግ ዲቪ መጣ፤ ዕጣው የደረሰው ደግሞ አጎት ወይም ጓደኛ ያለበት ከተማ ነው የሚያርፈው። ተስፋዬው፣ በቀለው፣ አበበው፣ ታደሰው ሁሉ የተዘራው እንዲህ ነው።

ፊደሉንም ብታሳየው ጥሩ ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ነገር ነው። በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ ዋይ እና ኢ አስከትሎ የሚጽፈው ተስፋዬ አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ የተመዘገበ ነው። ትግርኛ "ተስፋይ" ይላል፤ ትርጉሙ ያው "የእኔ ተስፋ" ነው። እሱን በአይ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ኤርትራዊ፣ በዋይ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ የትግራይ ሰው ነው። ገብሬዎቹንና ገብረ ሥላሴዎቹን ደግሞ ተመልከት። ጂ ብሎ ወዲያው ኢ የሚያስከትል አለ፤ መሐል ላይ ኤች የሚያስገባም አለ። ኤቿ የጣሊያን ናት፤ ጣሊያን ጂና ኢን አጣብቆ ሲያይ "ጄ" ብሎ ስለሚያነብ "ገ" ለማለት ኤች ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅቱ ዶክተር ቴድሮስ አስመራ የተወለዱ ናቸው፤ የአያታቸው ስም ውስጥ ያቺ ኤች አለች። በሱዳን ያለፈው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ገጥሞታል። ሱዳኖች ቃፍ የሚባለውን የዓረብኛ ፊደል "ገ" ብለው ስለሚያነቡ ከተማቸውን ገዳሪፍን ራሷን በቃፍ ነው የሚጽፏት፤ የእኛንም ገብሬ በቃፍ ጻፉት፤ ያንን ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲገለብጠው ምን ሆኖ እንደሚወጣ አስበው። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ቢያንስ 100 ሰው የሚጠራበትን ላስት ኔም ሁሉ ዘርዝሮ ያወጣል፤ የ2010ሩ ላይ ከ162,000 በላይ ስም አለ። የሚቆጥረው ፊደሉን ነውና አንዱ ስም በሦስት አጻጻፍ ከመጣ ሦስት ቦታ ይቀመጣል።

ከሁሉ የከፋው ስም መቆረጡ ነው። አንድ ኃይለ ማርያም የሚባል ሰው አስታውሳለሁ። ካርቱም ላይ የጻፈለት ሰው ኃይለ ብሎ ክፍት ቦታ ተወና ማርያም አለ። እዚህ ሲደርስ ፈርስት ኔሙ ኃይለ፣ ላስት ኔሙ ማርያም ሆነ፤ የአባቱ ስም ጭራሽ ተጣለ። ሐኪም ቤት ይዤው ስሄድ ነርሷ ወረቀቷን እያየች "ሚስ ማርያም!" ትላለች፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ ባርኔጣውን አንስቶ ቀስ ብሎ ይነሳል። አንድ ቀንም ቅር ብሎት አላየሁም፤ እኔ ግን ዛሬም ይከነክነኛል። ልጆቹ ማርያም ሆነው ቀርተዋል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ሚድል ኔም የሚለውን ሣጥን ባዶ አትተወው። የሕፃኗን ወይም የሕፃኑን ስም፣ ቀጥሎ ያንተን፣ መጨረሻ ላይ ተስፋዬን ጻፍ። ልጅህ ዘፋኙን ዘ ዊክንድን ሳያውቀው አይቀርም። እሱም ቶሮንቶ የተወለደው አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው፤ መኮንን አባቱ፣ ተስፋዬ አያቱ። በአገራችን ደንብ ትክክል ብሎ የተቀመጠ ስም ነው። ደግሞም የታላቅየውንና የታናሽየውን ፊደል በአንድ ዓይነት ጻፉ። አንተም ዜግነት ስትጠይቅ ኤን 400 ቅጹ ላይ ስምህን ማስተካከል ትችላለህ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት በሚደረገው የመሐላ ሥነ ሥርዓት ላይ ይጸድቃል።

ከአሽዶድ

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ያለፈው ሁሉ ትዝ አለኝ።

እኔ እስራኤል የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1991 ግንቦት ወር፣ ቤተ እስራኤልን ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባመጣው በሰለሞን ዘመቻ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ግንባሬ ላይ ተለጥፎልኝ ነው አውሮፕላን የገባሁት። በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ገባ። ያን ሁሉ ሰው ለመመዝገብ መርካዝ ክሊታ በሚባለው የአዲስ መጪዎች መቀበያ ውስጥ የቤተሰብ ስም አምጡ ተባለ። አባቴ የአባቱን ስም ተናገረ፤ በዚያው ለሁላችን ሆነ። ለእሱ፣ ለእናቴ፣ ለእኛ ለስድስት ልጆች። መምህራችን ደግሞ ለእኔ የዕብራይስጥ ስም አወጣችልኝ፤ የውትድርና አገልግሎቴን ስጨርስ የድሮዬን አስመልሻለሁ።

ስለዚህ በእኛ በኩል ነገሩ ይለያል። የአያት ስም ስለተወሰደ አጎቶቼም በዚያው ስም ነው የተመዘገቡት፤ እዚህ አንድ ላስት ኔም ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የእውነት የአጎት ልጆች ናቸው። ለልጅህ ንገረው።

የእናቴ ነገር ግን አይረሳኝም። እሷ አማቷን አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ "አባባ" ነበር የምትለው። ነውር ነዋ። ከምባታ ውስጥማ ያገባች ሴት የአማቷን ስም መጥራት ቀርቶ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ በሌላ ትተካለች ይባላል፤ እውነት ነው፣ ከዚያ አገር የመጣች ሴት አጫውታኛለች። እናቴ ባንክ ቤት "ሙሉ ስምሽን ተናገሪ" ስትባል የራሷን ስም ትልና ዝም ብላ ወደ እኔ ዞር ትላለች። የቀረውን እኔ ነበርኩ የምናገርላት። ባለቤትህ የራሷን አባት ስም ይዛ እንድትቀጥል፣ እባክህ ማንም አያስጨንቃት።

ከሚኒያፖሊስ

ጋሼ ስሙ ኬላ ላይ ረጋ ያሉት በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እዚህ ሚኒሶታ ጎረቤቴ አንደርሰን ነው፣ የልጄ መምህርት ኦልሰን ናት። የድሮ ስዊድኖች ናቸው። በአገራቸው የአንደሽ ወንድ ልጅ አንደሽሶን፣ ሴት ልጁ አንደሽዶተር ትባል ነበር፤ እንደ እኛው በየትውልዱ ይቀየራል። በመርከብ አሜሪካ ሲገቡ አንዱ አንደሽ ላይ ቆመ። እዚያው ስዊድን ውስጥም በ1901 ሕግ ወጥቶ የቤተሰብ ስም አስያዛቸው። አይስላንዶች ግን እስከዛሬ እንደ እኛ ናቸው። ጎረቤቴ አንደሽ የተባለው ሰው ማን እንደነበር አያውቅም፤ ጠይቄዋለሁ።

ከጅዳ

እኔ አጭር ነገር ነው ያለኝ። እዚህ የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ ስሙ ግን አይተከልም። ኢቃማ በሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ፓስፖርትህ ላይ ያለው ስም እንዳለ ይገባል፣ እዚህ የተወለደ ልጅ የሳውዲ ዜግነት የለውም፣ የአባቱን ስም ይዞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከ160,000 በላይ ሰው ወደ አገር ቤት ሲመለስ ስሙም አብሮ ተመለሰ። አንዳንዷ እህታችን ደግሞ ደላላ ባወጣላት ስም ነው የገባችው። አብራኝ የሠራች አንዲት ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ በማታውቀው አባት ስም ተጠርታ ነው የሄደችው፤ ሻንጣዋ ላይ ግን የእውነተኛ አባቷን ስም በማርከር ጽፋ ነበር። የልጅህ ካርታ ላይ ሳውዲ ባዶ ከሆነ ሰው የሌለ እንዳይመስለው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጋሼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለልጄ አነበብኩለት። የጅዳዋን ሻንጣ ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል።

ማክሰኞ ሌሊት ሴት ልጅ አገኘን፤ እናቷም ደህና ናት፣ ስሟም እንደነበረ ነው። ቅጹን ጋሼ እንዳሉኝ ሞላሁት፤ የእሷን፣ የእኔን፣ መጨረሻ ላይ ተስፋዬን፣ ፊደሉንም ከወንድሟ የልደት ወረቀት ላይ እያየሁ። ከዚያ ደሴ ደወልኩና ለአባቴ ቃል በቃል አነበብኩለት። እልል ይላል ብዬ ስጠብቅ ትንሽ ዝም አለ። ቆይቶ "አባቴስ?" አለኝ።

"ሣጥኑ ሦስት ብቻ ነው" አልኩት። ከዚያ ትዝ አለኝና "አባትህ ስዊድን ናቸው፤ የልጅህ ልጆች የሚጠሩት በእሳቸው ነው" አልኩት። ይኼን ከዚህ በፊት አስረድተነው አናውቅም፤ እሱ ሁላችንም ተስፋዬ የሆንን ይመስለው ነበር። እንደገና ንገረኝ አለ፣ ነገርኩት።

ልጄ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። ለትምህርት ቤት ያዘጋጀውን ካርታ አመጣና ቀይ ነጥቦቹን ሁሉ ትቶ ጎተንበርግ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ አንድ ነጥብ ጨመረ። ከጎኑም የቅድመ አያቱን ስም በአማርኛ እንድጽፍለት ጠየቀኝ።