«እንብርት» ስንት ጊዜ ይጨበጨባል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጄ «እንብርት»ን በክፍለ ቃል እንድትከፋፍል የቤት ሥራ ተሰጣት። እያጨበጨበች «እን-ብርት» አለችና ሁለት ብላ ጻፈች። መምህሩ በቀይ ኤክስ አድርጎ «አምስት ነው፤ አማርኛ እንደተጻፈ ይነበባል» ብሎ መለሰላት። ማታ «እ-ን-ብ-ር-ት» እያለች ስትንተባተብ አንጀቴን በላችው።

ፊደል ይከበር፦ መምህሩ ልክ ነው። አምስት ፊደል፣ አምስት ድምፅ። የፈረንጅ ሕግ አታምጡብን።

የመርጌታ ልጅ፦ የምን ፈረንጅ? የወል ቤት የሚባለው ግጥም ስንኙ 12 ቀለም፣ ማለት 12 ክፍለ ቃል ነው፣ ስድስት ስድስት። ሳድሱን ሁሉ ከቆጠርክ ልኩ ይፈርሳል። እስቲ «ክንድ» በል። ሦስት ፊደል ነው፤ የሚጨበጨበው ግን አንዴ ነው።

ፊደል ይከበር፦ ግጥም ሌላ፣ ንባብ ሌላ። ልጆች ፊደል እየዋጡ የሚጽፉት በዚህ ጭብጨባ ነው። እንደተጻፈ ይነበባል፤ አለቀ።

ነርሷ፦ አላለቀም። እንደተጻፈ የሚነበብ ከሆነ «ገና»ን አንብብልኝ። በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው? የምናጠብቀውና የምናላላው እኛ ነን፤ ፊደሉ አይነግረንም።

ጎጃሜው፦ እኔን የሚያናድደኝ «ን»ው ነው። «እምብርት» አይደል እንዴ የምንለው?

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ እሱን ሌላ ቀን።

የመርጌታ ልጅ፦ ኧረ ዋናው እሱ ነው! ጣታችሁን ከንፈራችሁ ላይ አድርጉና «ወንበር» በሉ። «ብ» ሳይመጣ ከንፈር ቀድሞ ይገጥማል፤ «ን» «ም» ይሆናል። «ግንባር»ም «አንበሳ»ም እንደዚያው። የታል እንደተጻፈው?

ፊደል ይከበር፦ ስለዚህ «አምበሳ» ብለን እንጻፍ? በአፍ የተባለውን ሁሉ ከጻፍን ነገ የሚተርፈን ፊደል የለም።

ነርሷ፦ ማን እንጻፍ አለ? የተጠየቀችው ስትናገር ስንት እንደሚሆን ነው። ደግሞ «ሳንባ»ም «ሳምባ»ም ተብሎ ሲጻፍ ስንቴ አይቻለሁ፤ በሽተኛው አንዱንም አልተሳሳተም።

ጎጃሜው፦ «ሳምባ» ነው ልኩ።

ፊደል ይከበር፦ «ሳንባ»!

የሁለት ልጆች እናት፦ እናንተ እዚህ ተጨቃጨቁ። የዛሬው የቤት ሥራ «ጉልበት» ነው። ልጄ ሁለቴ ልታጨበጭብ እጇን አነሳችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አራት ብላ ጻፈች።

ፊደል ይከበር፦ ጎበዝ። አራት ነው።

የመርጌታ ልጅ፦ ሁለት ነው! እባክሽ እህቴ፣ ሳትተኛ አስተካክዪላት።