ልቦለድ ጭንቀት ብቻ ነው የሚጨምርልን?

ጠያቂ፦
የቶልስቶይን «የኢቫን ኢሊች ሞት» ጨረስኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመውን። ሰውዬው ዳኛ ነው። ደመወዙ ጥሩ፣ ቤቱ ያማረ። መጋረጃ እንዴት እንደሚሰቀል ሲያሳይ ከመሰላል ይወድቅና ጎኑን ይመታል። በቃ፣ የሕመሙ መነሻ ይቺ ናት! አልጋ ላይ ሆኖ «አኗኗሬ በሙሉ ስህተት ቢሆንስ?» እያለ ይሰቃያል። እኔም የራሴን ሥራ በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ። ደራሲ እንዲህ አስጨንቆን መልስ ካልሰጠን ምን ዋጋ አለው?

መልስ 1፦
ገራሲም እያለ መልስ የለም ትላለህ? ሌሎቹ ሁሉ ሕመምተኛ እንጂ ሟች እንዳልሆነ ሲያስመስሉ፣ የማይዋሸው ያ አገልጋይ ብቻ ነው። ሕመሙ እንዲቀልለት የኢቫንን እግሮች ትከሻው ላይ ይዞ ያድራል። ስብከት የለ፣ ፍልስፍና የለ። ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እዚያ ነው።

መልስ 2፦
እኔ ደግሞ መልስ ባይሰጡኝ እመርጣለሁ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ድርሰቱ፣ በግሪክ አፈ ታሪክ አማልክት ለዘላለም የፈረዱበት ሲሲፈስ ድንጋዩን ሽቅብ ይገፋል፤ ድንጋዩም ተመልሶ ይንከባለላል። ካሙን የሚስበው ሰውዬው ቁልቁል የሚመለስባት ሰዓት ናት። ዕጣውን ጠንቅቆ እያወቀ ይወርዳል። ተስፋ ሳይሸጡልኝ የሚያበረታ ነገር ያገኘሁት እሱ ጋ ነው።

ጠያቂ፦
በገራሲም ተስማምተናል። ካሙ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ገራሲም የሚሸከመው የሰው እግር ነው፤ የታመመው ሰው እፎይ ይላል። ሲሲፈስ ጋ እፎይ የሚለው ማን ነው?